ስለ ድብርትና ስለ ቅጠላ ቅጠል መድኃኒት
(በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ፣ ከመጨረሻው ክፍል አንድ ተማሪ እዚህ መጥቶ ለጤና የሚጠቅም ነገር እንዲናገር ሲታዘዝ ዕጣው ለእኔ ደረሰ። ዕድሜዬ 18 ዓመት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ለማንም መድኃኒት አላዝም። ከመጻሕፍት ያነበብሁትንና ከመምህሮቼ የተማርሁትን ሁላችንም በምንግባባበት ቋንቋ ላካፍላችሁ መጥቻለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የመረጥሁት ርእስ ድብርትን በቅጠላ ቅጠልና በቪታሚን ክኒን ስለ ማከም ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ድሬዳዋ በ1902 የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ከሩቅ አገር ለሥራ የሚመጡ ሰዎች ከተማ ናት። በመልካ ጀብዱ አጠገብ የተሠራው፣ በ2022 የአገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተመረቀበት ይህ ስፍራም የዚሁ ታሪክ ተከታይ ነው። ከወላጆቹ ርቆ የሚኖር፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ከደመወዙ ለቤተሰቡ የሚልክ፣ አንዳንድ ጊዜም ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ልቡ ሲከፋበት የሚነግረው ሰው ቶሎ አያገኝም። እንዲህ ባለ ጊዜ መድኃኒት የሚያዘው ጐረቤት ነው፤ ጐረቤትም የሚያዘው የሚያውቀውን ቅጠል ነው። ከክፍል ጓደኞቼም አንዳንዶቹ በሚመጣው ዓመት እናንተ ባላችሁበት ስፍራ ይሠሩ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ የእናንተም የእኛም ነው።

በመጀመሪያ ድብርት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በአማርኛችን «ደበረኝ» ማለት ቀላል ነገር ነው። ሥራ ሲበዛ ይደብረናል፤ ጓደኛ ሲቀር ይደብረናል፤ በማግሥቱም ይለቀናል። ሐኪሞች ድባቴ ወይም የድብርት ሕመም የሚሉት ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። አንድ ሰው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ሲከፋው ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኘው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ሲያጣበት፣ ከዚህም ጋር እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ሲዛባ፣ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ሲያቅተው፣ ራሱን እንደማይረባ ሲቈጥር፣ ሞትንም ሲመኝ፣ ይህ ሕመም ነው። በአገራችን ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰውነት ሕመም ተሸፍኖ ይመጣል። ሰውየው «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴ ዝሏል» እያለ ይመላለሳል፤ «አዝኛለሁ» የሚለው ቃል ግን ከአፉ አይወጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በዚህ ሕመም የተያዙት ሰዎች ከ280 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ስለዚህ ድብርትን የሰነፍ ወይም የቅምጥል በሽታ ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። ታታሪው ሠራተኛም ይታመማል፤ ጸሎት የሚያዘወትረውም፣ ሶላቱን የማያጓድለውም ይታመማል።

አሁን ወደ ቅጠሉ ልምጣ። በዚህች ከተማ ስለ ድብርትና ስለ ቅጠል እየተናገሩ ጫትን መዝለል፣ ቀፊራን ሳያነሡ ስለ ድሬዳዋ ገበያ እንደ ማውራት ይሆናል። ስለዚህ ከእርሱ እጀምራለሁ። አንዳንዱ ጫት የሚቅመው ለወግና ለጨዋታ ነው፤ አንዳንዱ ለሥራ ትጋት ነው፤ አንዳንዱ ግን ድብርቱን ለማባረር ነው። ለጥቂት ሰዓትም ይሳካለታል። ምክንያቱም በለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ይህንም የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ በ1975 ለይቶ አውጥቶታል። ጠባዩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት እንዲፈስ ያደርጋል፤ ምርቃና የምትሉት ደስታም ከዚህ ይመጣል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ከአወዳይ የሚነሣው የጫት መኪና እንደዚያ የሚከንፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርቃናው ሲያልፍ ግን ሒሳቡ ይመጣል። እንቅልፍ ይጠፋል፤ ምግብ ያስጠላል፤ ሆድ ይብሳል፤ ቍጣም ይቀርባል። ሐራራና ዱካክ ምን እንደ ሆኑ ከእኔ ይልቅ ቃሚዎች ያውቃሉ። እንቅልፍ ማጣትና ምግብ መጥላት ደግሞ ቀድሞውንም የድብርት ምልክቶች ነበሩ። እንግዲህ ሰውየው የአንድ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ተበድሯል፤ ብድሩንም ሌሊት ይከፍላል። ከዚህም በላይ ጫት ሌላ መድኃኒትን ሊያሰናክል ይችላል፤ ከቃሙ ጋር አምፒሲሊን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰውነቱ የሚቀበለው መጠን እንደሚቀንስ በየመን አገር የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ይህን ስናገር የገበሬውን እንጀራ ለመንቀፍ ወይም የታላላቆቼን ወግ ለማቃለል አይደለም። የምለው ነገር አጭር ነው፤ ጫት የድብርት መድኃኒት አይደለም።

ሁለተኛው ቅጠል ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነው። በእንግሊዝኛ ሴንት ጆንስ ዎርት ይሉታል፤ የመጥምቁ ዮሐንስ ዕፅ ማለት ነው። የሳይንስ ስሙ ሃይፐሪኩም ፐርፎራተም ነው። ስሙን ያገኘው ቢጫ አበባው በአውሮፓ የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት በሚከበርበት በጁን ወር ስለሚፈካ ነው። በጀርመን አገር እንደ መድኃኒት ተመዝግቦ ይሸጣል። በአሜሪካ ግን የምግብ ማሟያ ተብሎ ይሸጣል፤ በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያ ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ማዳኑን በሙከራ ማስመስከር አይገደድም። ዘመድ ከውጭ አገር በሻንጣ የሚልከው ክኒን ከዚህ ወገን ሊሆን ይችላል።

ይህ ዕፅ በእርግጥ ይሠራልን? በ2008 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ 29 ሙከራዎችንና በጠቅላላው 5,489 ሕሙማንን አገናዝቦ፣ ዕፁ ምንም መድኃኒት ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን እንደሚሻልና ከታወቁት የድብርት መድኃኒቶችም ጋር እንደሚተካከል ገለጸ። ይሁን እንጂ ውጤቱ ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች ከሌሎቹ ይልቅ የጐላ ነበር። ቀደም ብሎ ደግሞ በ2002 በአሜሪካ 340 ሕሙማን በሦስት ተከፍለው ለስምንት ሳምንት ተፈትነው ነበር። አንደኛው ወገን ዕፁን፣ ሁለተኛው ሰርትራሊን የሚባለውን መድኃኒት፣ ሦስተኛው የማስመሰያውን ክኒን ወሰደ። ሙሉ መሻሻል ያሳዩት ከዕፁ ወገን ከመቶ 24 ያህል፣ ከሰርትራሊን ወገን 25 ያህል፣ ከማስመሰያው ወገን 32 ያህል ሆኑ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ዕፁ ቀላልና መካከለኛ ድብርት ያለበትን ሰው ሊረዳ ይችላልና ተረት ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ሁለተኛው፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት እንኳ ከሦስቱ አንዱ ያህል ከተሻለው፣ አንድ ሰው መጥቶ «ይህን ቅጠል ጠጥቼ ዳንሁ» ቢለን ያዳነው ቅጠሉ መሆኑን ከዚህ ብቻ ማወቅ አንችልም። ሕመሙ በጊዜው ሊለቅ ይችላል፤ ተስፋም ያግዛል፤ በየጊዜው «እንዴት ሰነበትህ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው መኖሩም ያግዛል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በአገራችን ደጋም የዚህ ዕፅ የሥጋ ዘመድ አለ፤ አሜጃ ይባላል። ቢጫ አበባ ያለው ተክል ሲሆን በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከአስታ ጋር ይበቅላል። ዘመድ በመሆኑ ብቻ ግን ሥራው አንድ ነው ማለት አይቻልም። ድንችና ዕፀ ፋርስ ከአንድ የዕፅዋት ቤተ ሰብ ናቸው፤ አንዱ ይበላል፣ ሁለተኛው አእምሮ ያስታል። ስለዚህ ለባሕር ማዶው ዕፅ የተሰጠው ምስክርነት ለአሜጃ አይሆንም።

ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ይህ የዮሐንስ ዕፅ ብቻውን ሲወሰድ ብዙ ሰው የሚችለው ነው፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል። በጉበታችን ውስጥ መድኃኒትን እየሰባበሩ ከሰውነት የሚያስወጡ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ። ዕፁ እነዚህን ሠራተኞች ያበዛቸዋል። ለእናንተ ምሳሌው ቅርብ ነው፤ በመጋዘን በር ላይ ዕቃ የሚያወጡት ሰዎች በድንገት እጥፍ ቢሆኑ፣ የሚያስገቡት ግን ባይጨምሩ መጋዘኑ ይራቈታል። የሰውም ደም እንደዚሁ ከሚያስፈልገው መድኃኒት ይራቈታል። በ2000 የወጣ ጥናት ኢንዲናቪር የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በዚህ ዕፅ ምክንያት በ57 በመቶ እንደ ቀነሰ አሳየ። በዚያው ዓመት ልብ በተተከለላቸው ሕሙማን ላይ መድኃኒታቸው በዕፁ ምክንያት ቀንሶ ሰውነታቸው የተተከለውን ልብ እንደ ባዕድ መዋጋት መጀመሩ ተጽፏል።

አንዲት ሠራተኛ እናስብ። በዚህ አገር ብዙ ሕሙማን የሚወስዱትን ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በየቀኑ ሳታጓድል ትውጣለች፤ በዚህም ጤነኛ ሆና ትሠራለች። ምስጢሯን ለማንም አልነገረችም። ድብርት ሲይዛት ዘመዷ «ቅጠል ነው፣ ምንም አያደርግሽም» ብላ የላከችላትን ክኒን ጀመረች። ዕፁ የዶሉቴግራቪርን መጠን ከደሟ ይቀንሳል። እርሷ መድኃኒቷን አላቋረጠችም፤ ሆኖም ጥበቃዋ እየሳሳ ይሄዳል፤ እርሷም አታውቅም። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴትም፣ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የታዘዘለት ሰውም እንዲሁ ነው። ፍሉኦክሰቲንን የመሰለ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዕፁን ቢደርብበት ደግሞ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ከመጠን አልፎ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና የአእምሮ መታወክ ሊያመጣ፣ አልፎ አልፎም ሊገድል ይችላል። ቅጠል የሚያድን ኃይል ካለው የሚጐዳም ኃይል ይኖረዋል። «ተፈጥሮ ስለ ሆነ አይጐዳም» የሚለውን ቃል የኮሶ ጽዋ የጨለጠ ሰው አይናገረውም።

ስለ ቪታሚን ክኒንም ጥቂት ልናገር። በአሜሪካ ከ18,000 የሚበልጡ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች ቪታሚን ዲን ወይም ከዓሣ ዘይት የሚገኘውን ኦሜጋ ሦስትን፣ ወይም የማስመሰያ ክኒን ለአምስት ዓመት ያህል ወስደው ነበር። በ2020ና በ2021 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ሁለቱም ድብርትን አልተከላከሉም። ይሁን እንጂ ሰውነቱ የጐደለው ነገር ያለ እንደ ሆነ ነገሩ ይለያል። የብረት ማዕድን ሲያንስ ሰው ይደክመዋል፤ አዮዲን ሲያንስ የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሊዳከምና ሰውየው ሊቀዘቅዝ፣ ሊንቀራፈፍ፣ ሊያዝን ይችላል፤ ቪታሚን ቢ 12 ሲያንስም አእምሮ ይታወካል። እነዚህ ሁሉ ድብርት ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ሌላ ነው። በገበያ የሚሸጠው ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2011 በአገራችን ደንብ የወጣውም ይህ ጉድለት የብዙ ሰው ችግር ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ከክኒኑ በፊት የደም ምርመራ ይቅደም። የደም ማነስ ያለባቸው እህቶቼም ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ብረቱን በሚገባ እንደማይቀበል ይወቁ፤ ጥቂት ቈይቶ መጠጣት ይሻላል።

ምግብ ራሱ እንደሚያግዝ የሚያሳይ ሙከራም አለ። በ2017 በአውስትራሊያ በወጣ ጥናት ድብርት ያለባቸው 67 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና ያልተፈተገ እህል እንዲመገብ ለ12 ሳምንት ተመከረ። ከዚህ ወገን ከመቶ 32፣ ምክሩ ካልተሰጠው ወገን ከመቶ 8 ሕመሙ ለቀቃቸው። የሰዎቹ ቍጥር ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹም ከምግቡ ጋር ሌላ ሕክምና ይከታተሉ ነበር። ሆኖም ምስር፣ ሽሮ፣ ጐመንና ተልባ በአገራችን የማይገኙ ውድ ነገሮች አይደሉም። ከሩቅ አገር ለሚመጣ ብልቃጥ የሚወጣው ገንዘብ ለእነዚህ ቢውል ይሻላል።

ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህ ልጅ የአባቶቻችንን መድኃኒት ናቀ» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ አልናቅሁም። ቤታችን ውስጥ ጤና አዳምም ዳማከሴም አለ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ በሽታ ተሸካሚ ነው። እርሳቸውም «እንዶድ መልካም ነው» ብለው አልተቀመጡም። ምን ያህሉ ይገድላል፣ ሌላውንስ ፍጥረት ይጐዳል ወይ ብለው ለብዙ ዘመን መረመሩ፤ በ1989ም ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ቅጠልን ማክበር ማለት እንዲህ ነው። ለድብርት የሚሆን ቅጠል በአገራችን ተራሮች ላይ ይኖር ይሆናል፤ ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል መርምሮ የሚያገኘው ሰው ቢነሣ ደስታዬ ወሰን የለውም። እስኪመረመር ድረስ ግን ሕመምተኛውን ልናስጠብቀው አይገባም፤ ምክንያቱም የታወቀ ሕክምና አለ። አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን በአገራችን የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ሥራቸው የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቈይቶ ስለ ሆነ በሦስተኛው ቀን «አልረባኝም» ብሎ መጣል አይገባም፤ ከተሻለ በኋላም ሐኪም ሳይጠይቁ በድንገት ማቋረጥ አይገባም።

አሁን «ኋላ እመለስበታለሁ» ወዳልሁት ነገር ልመለስ። በዚምባብዌ አገር ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 ጀምሮ ሽማግሌ እናቶችን አስተምረው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ። ሥራቸው የተከፋ ሰው መጥቶ ሲቀመጥ ማዳመጥና ችግሩን አንድ በአንድ ከፍሎ እንዲፈታ መርዳት ነው። በ2016 በወጣው ጥናት 573 ሰዎች ተካፍለው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የቀረባቸው ከእናቶቹ ጋር ከተነጋገሩት ከመቶ 14 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ከመቶ 50 ያህል ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ሰው ወደ በርጫው የሚሄደው ቅጠሉን ብቻ ሽቶ አይደለም፤ ክብ ሠርተው የሚቀመጡ ሰዎችን ሽቶ ነው። ጨዋታውና መደማመጡ ያለ ቅጠሉ ሊገኝ ይችላል። ከሥራ መልስ የሚፈላ አንድ ጀበና ቡና፣ በአጠገቡም «ሰሞኑን ምነው ዝም አልሽ?» ብላ የምትጠይቅ አንዲት የሥራ ጓደኛ ከብዙ ብልቃጥ ይበልጣሉ።

እንግዲህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ማዘኑና መድከሙ ሁለት ሳምንት ካለፈው በጤና ጣቢያ ወይም እንደ ድል ጮራ ባለው ሆስፒታል ሐኪም ጠይቁ፤ ጸሎቱም ዱዓውም ከሐኪሙ ጋር ይስማማል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ሁለተኛ፣ የምትወስዱትን ሁሉ፣ ቅጠሉንም ክኒኑንም ጫቱንም፣ ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የምትወስዱትን ካላወቀ ሳያስበው አንዱን መድኃኒት በሌላው ላይ ሊደርብባችሁ ይችላል። ሦስተኛ፣ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ጓደኛ ብትሰሙ እንደ ቀልድ አትለፉት፤ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት አብራችሁት ሂዱ።

ከመካከላችን ማንም ሰው ሐኪም ጋ ለመሄድ አፍሮ በማይታወቅ ቅጠል ተስፋ እያደረገ ወራትን እንዳያሳልፍ ምኞቴ ነው።